የዳታቤዝ መሣሪያ ስትመርጡ ከውበቱ በፊት «ራን» ቁልፉን እዩ

«ለዳታቤዝ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በየግሩፑ አያልቅም። መልሱም ያው ነው፤ «ዳርክ ሞድ ያለው»፣ «ቀለል የሚለው»፣ «እኛ ቢሮ ያለው»። እኔ ግን የኩዌሪ መጻፊያው ገጽ አቀማመጥ የምቾት ብቻ ሳይሆን የጥንቃቄም ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

ለምን? እስቲ አንድ የቁጠባ ማኅበር አስቡ። የአንድ አባል ቀሪ ሂሳብ ወደ 5,000 ብር ሊስተካከል ነው። ባለሙያው አንደኛው መስመር ላይ አፕዴቱን፣ ሁለተኛው ላይ አባሉን የሚለየውን «ዌር» ጻፈ። ኮዱ እንከን የለውም። ግን በማይክሮሶፍቱ ማኔጅመንት ስቱዲዮ ኤፍ 5 ሲጫን፣ በማውስ የተመረጠ ጽሑፍ ካለ የሚሠራው እሱ ብቻ ነው፤ ካልተመረጠ ደግሞ ገጹ ላይ ያለው በሙሉ። የላይኛው መስመር ብቻ ተመርጦ ከነበረስ? በቃ፣ የሁሉም አባል ሂሳብ 5,000 ሆነ።

ስለዚህ መሣሪያ ስትመርጡ እነዚህን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ቁልፉን ስጫን ምን እንደሚሠራ በግልጽ አውቃለሁ? ዲቢቨር ላይ ኮንትሮልና ኢንተር ስትጫኑ የሚሠራው ከርሰሩ ያረፈበት ትእዛዝ ነው። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ሁለት የመብረቅ ምልክቶች አሉት፤ አንዱ ሁሉንም ወይም የተመረጠውን፣ ከርሰር የተሳለበት ደግሞ ከርሰሩ ያለበትን ብቻ ያሠራል። ወርክቤንች ቁልፍ ኮለምን የሌለበትን አፕዴትና ዲሊት ከመጀመሪያውኑ ይከለክላል። ብዙ ሰው ግን ስህተት ቁጥር 1175 ሲመጣበት ተናዶ መከላከያውን ያጠፋዋል። ያ ስህተት እኮ ጠባቂያችሁ ነው!

ሁለተኛ፣ የት እንዳለሁ ያሳየኛል? የሙከራውና የፕሮዳክሽኑ ሰርቨር ገጽ አንድ ዓይነት ከሆነ አንድ ቀን መምታታቱ አይቀርም። ዲቢቨርም ማኔጅመንት ስቱዲዮም ለየኮኔክሽኑ ቀለም መስጠት ያስችላሉ። ፕሮዳክሽኑን ቀይ አድርጉት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛ፣ መመለሻ አለኝ? ፒጂአድሚን ሲጫን አውቶ ኮሚት እንደበራ ነው የሚመጣው። ብታጠፉት ግን የኮሚትና የሮልባክ ቁልፎቹ እዚያው ከኩዌሪው በላይ ናቸው። ስንት ረድፍ እንደተነካ አይታችሁ፣ 1 መሆን ሲገባው 4,000 ካለ ትመልሱታላችሁ።

አራተኛ፣ ውጤቱ ላይ አማርኛው ይነበባል? ሳጥን ሳጥን ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ የፎንት ችግር ነው። ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ ፊደሉ የጠፋው ሲመዘገብ ነው፤ እሱን የትኛውም መሣሪያ አይመልሰውም።

«ጎበዝ ሰው ጥቁሩ ተርሚናል ይበቃዋል» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይበቃዋል። ግን ጎበዙም ሰው ይደክመዋል፣ አለቃ ከጀርባው ቆሞ ያጣድፈዋል፣ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ ይላል። ጥንቃቄ በንቃት ብቻ ከቆመ አንድ ቀን ይወድቃል። መሣሪያው ባክአፕን እንደማይተካም ግልጽ ነው። ዋጋም ሰበብ አይሁን፤ የዲቢቨር ኮሚዩኒቲ እትም ነፃ ነው፣ ዶላር ፍለጋ መሄድ የለም።

ከመወሰናችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። በሙከራ ዳታቤዝ ላይ ሁለት ትእዛዞች ጻፉ፤ ከርሰሩን መሃላቸው አድርጉና ከመጫናችሁ በፊት የትኛው እንደሚሠራ ገምቱ። ግምታችሁ ከሳተ በዚያ መሣሪያ የሰው ገንዘብ ያለበትን ሰርቨር አትንኩ።

እናንተስ የትኛውን ነው የምትጠቀሙት? ፕሮዳክሽናችሁስ ምን ቀለም ነው? ኮሜንት ላይ ጣል አድርጉ።