የአልትራሳውንድ ዕቅድ ከክረምቱ ወራት ይነሣ፦ በአነስተኛ ከተማ ክሊኒክ የምርመራ አገልግሎት ለመጨመር የሚደረግ የፋይናንስ ዝግጅት

ጥሊሊ ከቡሬ ወደ እንጅባራ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጓጉሳ ሽኩዳድ ወረዳ ከተማ ናት። በእንዲህ ያለ ከተማ ክሊኒክ የከፈተ ባለሙያ ይዋል ይደር እንጂ ከአንድ ጥያቄ ፊት መቆሙ አይቀርም። የእርግዝናዋን ዕድሜ በትክክል የማታውቅ እናት፣ ሆዱን የታመመ ገበሬ፣ የኩላሊት ጠጠር የተጠረጠረበት ወጣት ሲመጡ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ እንጅባራ፣ ሲብስም ከእንጅባራ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደምትርቀው ባሕር ዳር ይልካል። ከተላኩት መካከል በትራንስፖርትና በማደሪያ ወጪ ምክንያት ሳይሄዱ የሚቀሩ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት መንገድ በሚያዘጋባቸው ቀናት ደግሞ አቅሙ ያለውም ቢሆን መሄጃ ያጣል። ስለዚህ «መሣሪያውን እዚሁ ብናስገባውስ?» የሚለው ሐሳብ ከትርፍ ፍላጎት ብቻ የሚመነጭ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው የቅድመ ወሊድ ክትትል መመሪያ እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ ጊዜ በአልትራሳውንድ እንድትታይ መምከሩም ለሐሳቡ ሕክምናዊ መሠረት ይሰጠዋል።

ችግሩ ያለው ሐሳቡ ወደ ገንዘብ ዕቅድ በሚለወጥበት መንገድ ላይ ነው። የተለመደው አካሄድ ከመሣሪያው ዋጋ ይነሣል። ዋጋው ይጠየቃል፤ ባንኩ የሚፈልገው ወርኃዊ ክፍያ ይሰላል፤ ክፍያው ለአንድ ምርመራ በሚጠየቀው ሒሳብ ይካፈላል። የሚገኘው ቁጥር ትንሽ ስለሚሆን ውሳኔው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚህ መንገድ የተሠራ ዕቅድ ሦስት ነገሮችን ይዘነጋል፤ መሣሪያውን የሚያሠራውን ሰው፣ መሣሪያው የሚበላሽበትን ቀን፣ እንዲሁም ታካሚ የሚጠፋበትን ወር።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። የሚከተሉት አኃዞች ለስሌት ያህል የተወሰዱ ግምቶች እንጂ የገበያ ጥናት ውጤቶች አይደሉም። መሣሪያው፣ የኃይል መጠበቂያውና የክፍሉ ዝግጅት በድምሩ 2,000,000 ብር ይፍጁ እንበል። ባለቤቱ 600,000 ብር ከኪሱ ያወጣል፤ ቀሪውን 1,400,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ፣ በአምስት ዓመት በእኩል ወርኃዊ ክፍያ ለመመለስ ይበደራል። ወርኃዊ ክፍያው 35,550 ብር ገደማ ይሆናል። ለአንድ ምርመራ 500 ብር ቢያስከፍል ወሩን ለመዝጋት የሚያስፈልገው 72 ምርመራ ነው። በወር 26 የሥራ ቀናት ቢኖሩ በቀን ሦስት ሰው እንኳ አይሞላም። ይህን ስሌት ያየ ሁሉ መሣሪያውን ለመግዛት ይቸኩላል።

አሁን የተዘነጉት ወጪዎች ይግቡ። ለባለሙያ ደመወዝ 25,000 ብር፤ ለጥገናና ለመለዋወጫ በዓመት ከዋጋው 10 በመቶ፣ ማለትም በወር 16,700 ብር ገደማ፤ ለክፍል ኪራይ፣ ለመብራትና ለጄነሬተር ነዳጅ 8,000 ብር ይያዝ። የወሩ ቋሚ ወጪ 85,250 ብር ይደርሳል። ለጄልና ለወረቀት በእያንዳንዱ ምርመራ 50 ብር ሲቀነስ የሚተርፈው 450 ብር ነው። በዚህ ሒሳብ ወጪውን ብቻ ለመሸፈን በወር 190 ምርመራ፣ በቀን ከሰባት ሰው በላይ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ስሌትና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት በእጥፍ ከመጨመርም ያልፋል። መሣሪያው፣ ዋጋውና ወለዱ ግን አልተለወጡም፤ የተለወጠው የዕቅዱ ሐቀኝነት ነው።

ሦስተኛው ጉድለት ከሁሉ የከፋ ነው። በአዊ የገጠሩ ነዋሪ እጅ ገንዘብ የሚገባው በወቅት ነው። እህሉ ተወቅቶ፣ ድንቹ ተሽጦ፣ የደከረንስ ከሰሉ በጭነት መኪና ሲወጣ ሕክምና የሚፈልገውም ይበረክታል። ክረምት ሲገባ ጎተራው ይጎድላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ሰው ሕመሙን ወደ መስከረም ያሸጋግራል። የባንክ ክፍያ ግን ክረምትና በጋ አያውቅም። በዘጠኙ ወራት በወር 200፣ በሦስቱ የክረምት ወራት በወር 120 ምርመራ ይደረግ እንበል። በመልካሞቹ ወራት በየወሩ 4,750 ብር ይተርፋል፤ ዘጠኙ ወር ሲደመር 42,750 ብር ይሆናል። በክረምት ግን በየወሩ 31,250 ብር፣ በሦስቱ ወር 93,750 ብር ይጎድላል። በዓመቱ ከአራት ወራት ሦስቱን አትራፊ የነበረው ክፍል ዓመቱን በ51,000 ብር ኪሳራ ይዘጋል። በመልካም ወር አማካይ የተሠራ ዕቅድ ይህን አያሳይም። ዕቅዱ ከክረምቱ ወራት መነሣት አለበት የሚባለው ለዚህ ነው።

በዚህ ላይ የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ይታከላል። የሕክምና ምርመራ መሣሪያዎችና መለዋወጫዎቻቸው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዋጋው 20,000 ዶላር የሆነ መሣሪያ ከ1,140,000 ብር ተነሥቶ ከ2,000,000 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። ትምህርቱ ለገዢ ብቻ አይደለም። መሣሪያውን ቀድሞ የገዛም ቢሆን የተሰበረ ፕሮብ የሚተካው በአዲሱ ምንዛሪ ነው፤ የታካሚው ገቢ ግን ከዶላሩ ጋር አልጨመረም። ስለዚህ የጥገና መጠባበቂያ በአሮጌው የግዢ ደረሰኝ ላይ ተመሥርቶ ሳይሆን በየዓመቱ በወቅቱ ዋጋ እየታደሰ መያዝ ይኖርበታል።

የታካሚው ቁጥር ግምትም ከምኞት ሳይሆን ከመዝገብ ይውጣ። ክሊኒኩ ባለፉት 12 ወራት ለአልትራሳውንድ የላካቸውን ሰዎች በየወሩ ለይቶ ቢቆጥር ከማናቸውም ግምት የተሻለ ማስረጃ ያገኛል። ከዚያ ቁጥር ላይ በማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድኅን የሚታከሙት መቀነስ አለባቸው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ መድኅን በዋናነት የሚሠራው ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ነው። መዋጮውን የከፈለ አባወራ በመንግሥት ሆስፒታል ያለ ተጨማሪ ክፍያ የሚያገኘውን ምርመራ በግል ክሊኒክ በ500 ብር እንዲገዛ መጠበቅ አይገባም፤ ካልቸኮለ ወይም ወረፋው ካላማረረው በስተቀር።

«አገልግሎቱ ሲኖር ፈላጊው ይመጣል» የሚል መከራከሪያ ሊነሣ ይችላል። ከፊል እውነት አለው፤ በርቀት ምክንያት ሳይመረመሩ የሚቀሩ ሰዎች በየትኛውም የሪፈር መዝገብ ላይ በትክክል አይታዩም። ነገር ግን ይኸው መከራከሪያ አደጋም ያዘለ ነው። ምርመራ የሚያዝዘው እጅና ዕዳ የሚከፍለው እጅ አንድ ሲሆን፣ በጎደለው ወር ፈላጊውን የሚያመጣው ሕመም መሆኑ ቀርቶ የሐኪሙ ብዕር ሊሆን ይችላል። ራስ ምታት ይዞት የመጣ ሰው የሆድ አልትራሳውንድ ይታዘዝለታል፤ ጤናማ ነፍሰ ጡር በየወሩ ትጠራለች። ይህ የግለሰብ ሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ክረምትን ያላሰበ የብድር ውል ሐቀኛውን ሐኪም ሳይቀር ወደዚያ ይገፋዋል። የኪሳራው የመጨረሻ ከፋይ ያን ጊዜ ድንቹን ሸጦ የመጣው ገበሬ ይሆናል። መጥፎ የፋይናንስ ዕቅድ መጥፎ ሕክምና ይወልዳል የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው አገልግሎቱን መተው አይደለም፤ መጠኑን ከከተማው አቅም ጋር ማስተካከል ነው። ባለሙያው በወር ደመወዝ ከሚቀጠር ይልቅ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በተለይ የገጠሩ ሰው ለገበያ በሚመጣበት ቀን እንዲሠራ ቢደረግ ወጪው ይቀንሳል። በቀን 1,500 ብር፣ በወር ዘጠኝ ቀን ቢሠራ 13,500 ብር ይከፈለዋል፤ ቋሚ ወጪው ወደ 73,750 ብር፣ የሚያስፈልገው ምርመራም ወደ 164 ይወርዳል። በቀሩት ቀናት የሚመጡ ታካሚዎች በመታጣታቸው የመልካሞቹ ወራት ቁጥር ከ200 ወደ 180 ዝቅ ቢል እንኳ፣ የክረምቱ 120 እንደሆነ ከቆየ፣ ዓመቱ በ6,000 ብር ትርፍ ይዘጋል። ትርፉ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ማንንም ያላስፈላጊ ምርመራ አያሳዝዝም።

የብድሩም ዓይነት ሊመረጥ ይገባል። ከአዋጅ ቁጥር 103/1990 ጀምሮ በሀገሪቱ የተፈቀደው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ፋይናንስ መሣሪያውን ራሱን ዋስትና ስለሚያደርግ ቤቱን ለማስያዝ ለማይፈልግ ባለሙያ አማራጭ ይከፍታል። ዕቁብም ወለድ የለበትም፤ ሆኖም ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ለመሣሪያ ግዢ ሳይሆን ለክረምት መጠባበቂያ ይበልጥ ይስማማል። ከአበዳሪ ጋር የሚደረገው ድርድር ደግሞ በወለድ መጠን ላይ ብቻ ሳይሆን በመክፈያ ወራት ላይም ማተኮር አለበት። ከጥር እስከ ግንቦት ከፍ ያለ፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝቅ ያለ ክፍያ የያዘ ውል ለአበዳሪውም ቢሆን ከተቋረጠ ብድር ይሻለዋል።

ስለዚህ መሣሪያ ሊገዛ ያሰበ ክሊኒክ ከሻጭ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ሦስት ነገር በእጁ ሊኖረው ይገባል፤ የ12 ወር የሪፈር ቆጠራ፣ በስም የታወቀና የተስማማ ባለሙያ፣ ለሦስት የክረምት ወራት ጉድለት የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ። እነዚህ ያልተሟሉለት ቢያዘገየው ይሻለዋል። ዘግይቶ የመጣ አልትራሳውንድ እናቶችን ያገለግላል፤ ቸኩሎ መጥቶ በሁለተኛው ዓመት የቆመው ግን አቧራ ከመልበሱ በላይ የሕዝቡን አመኔታ ይዞ ይሄዳል። የሚቀጥለውም ባለሙያ ያንኑ ክፍል ሲከፍት የመጀመሪያው ዕዳው ይህ የጠፋ አመኔታ ይሆናል።