በየወሩ የሚመለስ የደረት ሕመም

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። ነገር ግን በኀፍረት ተሸፍነው በየቤታችን የሚቀሩ ሕመሞች አሉ፤ ከእነዚህም አንዱ ከሴቶች የወር አበባ ጋር የሚመጣው የደረት ሕመም ነው።

በመንዝ፥ በግሼና በመርሐ ቤቴ ደጋ አንዲት ሴት ብትስል ነገሩ በብርድ ወይም በኩበት ጢስ ይመካኛል፤ ደም ብትተፋ ደግሞ «የሳንባ ነቀርሳ ነው» ይባላል። ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ሰው የሚይዝ በሽታ ነውና አክታን ማስመርመር ይቀድማል። ሆኖም በምርመራው ነቀርሳ ሳይገኝ ሕመሙ ከወር አበባ ጋር የሚመላለስ ከሆነ፥ ሌላ ምክንያት ሊኖር ይችላል።

ይህ ሌላው ምክንያት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባለው በሽታ ነው። የማሕፀንን ውስጥ የሚሸፍነውን የሚመስል ሥጋ ከማሕፀን ውጭ ይበቅላል፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ በሆድ ውስጥ፥ አልፎ አልፎ ግን ሆድንና ደረትን በሚለየው ሥጋ ላይ ወይም በሳንባ ነው። በወሩ ቀን ይህ ሥጋ ሊደማ ይችላል። ስለዚህ ወር በመጣ በሦስት ቀን ውስጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል፥ ደረትና ትከሻ ይወጋል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ አንዳንዴም ደም ያስተፋል። አየርም ከሳንባ ውጭ በደረት ውስጥ ገብቶ ሳንባውን ሊያኰማትረው ይችላል። ማውረር የተባለው የአሜሪካ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ስለዚህ ነገር የጻፈው በ1958 እ.ኤ.አ. ነበር።

ሐኪም ይህን በሽታ እንዲጠረጥር የሚያደርገው ዋናው ምልክት ቀኑ ነው። የእኛ ሴቶች ቤተ ክርስቲያን የማይገቡባቸውን ቀኖች ስለሚለዩ ቍጥሩ እንግዳ አይሆንባቸውም። ነገር ግን ወራችን 30 ቀን ሲሆን የብዙ ሴቶች ልማድ ወደ 28 ቀን ገደማ ይመለሳል። ስለዚህ ሕመሙ በዚህ ወር በ21 በማርያም ቢጀምር፥ በሚከተለው ወር በ19 በገብርኤል፥ ከዚያም በ17 በእስጢፋኖስ ሊመጣ ይችላል። ቀኑ ስለ ተለወጠ ብቻ «ከወር አበባ ጋር አይገናኝም» ማለት አይገባም። የሕመሙና የወሩ ቀን ጎን ለጎን ይጻፍ፤ እናቲቱ መጻፍ የማትችል እንደ ሆነ ተማሪ ልጇ ትጻፍላት።

ይህ ግን ምርመራን ለማዘግየት አይደለም። ወደ መሐል ሜዳ፥ ወደ ዓለም ከተማ ወይም ወደ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ስትሄድ ወረቀቱን ለሐኪሙ ታሳይ። ሕክምናው የወር አበባን ለጊዜው የሚያቆም መድኃኒት፥ አንዳንድ ጊዜም ቀዶ ጥገና ነው። በድንገት ደረቷ ተወግቶ ትንፋሽ ያጠራት እንደ ሆነ ግን ቀን ሳይቈጠር በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ትወሰድ።

ባሎችም ሚስቶቻችሁን ወደ ሐኪም ስታደርሱ በእነርሱ ፈንታ አትናገሩ። «ስላት» ብቻ ተብሎ የተነገረው ሐኪም የሚፈልገው ሳልን ነው፤ የወሯን ቀን ራሷ የነገረችው ግን እውነተኛውን መንገድ ያገኛል።