ዋናው የታለ?

የላስ ቬጋሱን ቀን ዕቅድ ያወጣሁት በምሳ ሰዓቴ፣ ከባንኩ መስኮት ኋላ ተቀምጬ፣ በአንድ የተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ጀርባ ላይ ነው። ግጥሞቼም የሚወለዱት እዚያው ስለሆነ ቅጹ ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለም። «ጠዋት ግብፅና ኒው ዮርክ፤ ቀትር ላይ ቬኒስ፤ ማታ ፓሪስ» ብዬ ጻፍሁና መልሼ ሳነበው ሳቄ መጣ። ከሎስ አንጀለስ አራት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዞ፣ በአንድ ቀን አራት አገር!

አራቱም ሆቴሎች ናቸው። ላስ ቬጋስን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በ1966 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ቄሳርስ ፓላስ የሮምን ዓምድና ሐውልት ይዞ በምድረ በዳው ላይ ቆመ። መሥራቹ ጄይ ሳርኖ ስሙን የአንድ ቄሳር ሳይሆን የብዙ ቄሳሮች ያደረገው፣ እዚያ የሚያድር እንግዳ ሁሉ ቄሳር ነው ብሎ ነው ይባላል። በ1990ዎቹ ደግሞ ከተማዪቱ አበደች፤ ኤክስካሊበር የተባለው የባላባቶች ግንብ በ1990፣ ሉክሶር በ1993፣ ኒው ዮርክ ኒው ዮርክ በ1997፣ ቤላጂዮ በ1998፣ ቬኒሺያንና ፓሪስ በ1999 ተከፈቱ። ወደ ውስጥ ዘልቆ ማየት ክፍያ የለውም። ለባንክ ገንዘብ ከፋይ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ዕቅዴን ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ወዳጄ ባጫውተው፣ «ልጆችህን የካርቶን ቬኒስ ልታሳያቸው ነው?» ሲል ፊቱን አጨማደደ። ይህ ጽሑፍ ለእርሱ መልስ ነው።

በመጀመሪያ እውነቱን ልናገር። ዘንድሮ ልንሄድ ያሰብነው ላስ ቬጋስ አልነበረም፤ አዲስ አበባ ነበር። ልጄ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አያቷን የምታውቃት በስልክ ስክሪን ላይ ብቻ ነው። ታናሽ ወንድሟ አራት ዓመቱ ሲሆን፣ «እማማ» ማለት ስልኩ ራሱ ይመስለዋል። የአራት ሰው የአውሮፕላን ትኬት ዋጋ ከደረሰበት ደርሶ፣ የቆጠብነው ገንዘብ እኩሌታውን እንኳ አልሸፍን ሲል፣ ባለቤቴና እኔ አንድ ሌሊት ሳንነጋገር ቁጭ ብለን አመሸን። በማግስቱ «ወንድምሽ ቬጋስ አይደል ያለው?» አልኋት። ዕረፍታችን ራሱ ለሌላ ዕረፍት ምትክ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ቅጂን ለመናቅ መብት የለኝም።

ደግሞም ስለ ቅጂ ጥቂት አውቃለሁ ብል ትዕቢት አይሁንብኝ፤ እንጀራዬ ነው። ፎርጅድ ገንዘብ እጄ ሲገባ ከዓይኔ ቀድሞ ጣቴ ያውቀዋል። የዶላር ወረቀት ከጥጥና ከተልባ እግር የተሠራ ስለሆነ ሲዳሰስ ድምፅ አለው፤ ሐሰተኛው ዝም ይላል። ፎርጅድ ወንጀል የሚሆነው ዋናውን በመምሰሉ ሳይሆን «ዋናው እኔ ነኝ» በማለቱ ነው። በግማሽ ቁመት የተሠራ የኤፌል ማማ፣ ያውም አንዳንድ እግሮቹን የቁማር አዳራሽ ጣራ ውስጥ ሰንቅሮ፣ «ዋናው እኔ ነኝ» ብሎ ማንን ያታልላል? ቅጂነቱን ግንባሩ ላይ ጽፎ የቆመ ነው። ለልጅ እንዲህ ያለ ግልጽ ቅጂ ከብዙ «እውነተኛ» ነገር ይሻላል፤ ጥያቄ ያስጠይቃልና።

በዕቅዴ ውስጥ አንድ ደንብ ብቻ ነበር፤ በየሆቴሉ አንዳችን «ዋናው የታለ?» ብለን እንጠይቃለን፣ ሌላው ይመልሳል።

ከሉክሶር ጀመርን። ሠላሳ ፎቅ ያለው ጥቁር የመስታወት ፒራሚድ ነው፤ አሳንሰሩ ቀጥ ብሎ ሳይሆን እንደ ግድግዳው አዘንብሎ ይወጣል። ፊት ለፊቱ የተጋደመው ስፊንክስ ከግብፁ ይበልጣል። ልጄ «ዋናው የታለ?» ስትል አንድ አስቂኝ ነገር ነገርኋት፤ ሉክሶር በምትባለው የግብፅ ከተማ ፒራሚድ የለም። ፒራሚዶቹ ያሉት ወደ 500 ኪሎ ሜትር ርቀው ጊዛ ላይ ነው። ስሙን ከአንዱ ቅርጹን ከሌላው የወሰደ ሆቴል ነው፤ እንደ አንዳንድ ገጣሚ።

ይበልጥ የነካኝ ግን ሌላ ነው። ሆቴሉ በ1993 ሲከፈት በውስጡ «ናይል» ነበረው። እንግዶች በጀልባ ተሳፍረው ካዚኖውን ይዞሩ ነበር። ጥቂት ዓመታት ብቻ ቆይቶ ተደፈነ። ዓባይ ቬጋስ ድረስ መጥቶ፣ ያውም አፈራችንን ሳይዝ፣ ቁማር ቤት ዞሮ ደረቀ! ስንት ዘመን በዘፈንና በግጥም የወቀስነው ወንዝ ይህን ጉዱን ሳንሰማለት ቀረን። ከ2007 ወዲህ ደግሞ ባለቤቶቹ የግብፁን ጌጥ ከውስጥ እየነቀሉ ተራ ሆቴል አድርገውታል፤ ከውጭ ፈርዖን፣ ከውስጥ ቢሮ። ለልጄ «እዚህ ጋ ወንዝ ነበር» ብላት፣ የቁማር ማሽኖቹን አየችና «ዋናውስ አለ?» አለች። አለ፤ ካለንበት እጅግ ርቆ፣ ከእማማ ቤት ግን ብዙም ሳይርቅ ይነሣል አልኋት። ይህንን በካርታ ሳሳያት አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀን። በዕቅዱ አልነበረም፤ ከቀኑ ሁሉ ግን እርሱን የሚያህል የለም።

በውስጥ መተላለፊያው አድርገን ኤክስካሊበርን ቶሎ አለፍነው (ግንቡ ከሩቅ ያምራል፤ ከቅርብ የልደት ኬክ ነው)። ድልድዩን ተሻግረን ከነፃነት ሐውልት ፊት ቆምን። ይህችን ሐውልት ዘልላችሁ እንዳታልፏት። የአሜሪካ ፖስታ ቤት በ2010 የነፃነት ሐውልትን ፊት በቴምብር አትሞ አወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት እንደታወቀው ግን ፎቶግራፉ የኒው ዮርኳ ሳይሆን የቬጋሷ ነበር። ቀራጺው ሮበርት ዴቪድሰን ፖስታ ቤቱን ከሰሰ። ፊቷን ስሠራ የአማቴን ፎቶግራፍ መነሻ አድርጌአለሁ ሲል መሰከረ። በ2018 ፍርድ ቤቱ የቬጋሷ ፊት የራሷ መልክ ያላት የፈጠራ ሥራ ናት ብሎ ወደ 3.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረደለት። ይህን ታሪክ ወድጄዋለሁ። እዚህ ላይ ቅጂዋ ማንንም አላሳተችም፤ የተሳሳተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። ዳኛውም የፈረዱት፣ የኮረጀ ሰው ከወደደው ፊት ጥቂት ቢጨምርበት የእርሱ ይሆናል ብለው ነው። ገጣሚዎች ሆይ፣ ልብ በሉ።

ቀትር ሆነ። በሐምሌ የላስ ቬጋስ ቀትር ከአርባ ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው። ሆቴሎቹ ግዙፎች ስለሆኑ ሁሉም ቅርብ ይመስላሉ፤ «ያው እዚያ ጋ» የተባለው ሆቴል ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ሕፃን ይዞ ለሚሄድ ሰው ምክሬ አጭር ነው፤ አራት ሆቴል ይበቃል፣ ውሃ ያዙ፣ ቀትሩን ከጣራ ሥር አሳልፉ። ሌላም አለ። መንገድ ሁሉ በካዚኖው ውስጥ እንዲያልፍ ሆኖ ነው የተሠራው። ከሃያ አንድ ዓመት በታች የሆነ ሰው ማለፍ እንጂ መቆም በሕግ አይፈቀድለትም። ልጄ አንዱ ማሽን ብልጭ ሲልባት ዘወር ለማለት ስትቆም፣ እጇን ይዤ ስጎትት፣ እዚህ ቤት ውስጥ ያልተኮረጀው እውነተኛ ነገር ይህ አዳራሽ ብቻ መሆኑ ታየኝ። ግብፁም፣ ቬኒሱም፣ ፓሪሱም የእርሱ በር ናቸው። ወዳጄ የሚጠላው ይህንን ከሆነ እስማማለሁ።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም በታክሲው መጥቶ ከሙቀቱ አወጣን። «ጋሼ፣ ቬኒሺያን አድርሰን» አልሁት። ሃያ ዓመት በዚህ ጎዳና ነድቷል። «ስንቱን ሰው ፓሪስ አድርሻለሁ» አለ፣ በመስታወቱ ልጆቹን እያየ፤ «እኔ ግን ከበሩ አልፌ አላውቅም። ተራዬ ያልፈኛላ!» በዚያ ከተማ ከኢትዮጵያውያን ባለታክሲዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሳይሉ አይቀሩም።

ቬኒሺያን ውስጥ ቦዩ ያለው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃው ንጹሕ ነው፤ ቀዛፊው ይዘፍናል፤ ሰማዩ ጣራ ላይ ተሥሏል፣ ሁልጊዜም አመሻሽ ነው። እዚያ ተቀምጬ ሁለት ስንኝ መጣልኝ፤

ጣራ ላይ የሣሉት ሰማይ ባይጨልምም፣
ደመናው ቢከብድም ዝናብን አያልምም።

ሦስተኛው አልመጣም። ልጄ የደወሉን ማማ እያየች ጥያቄዋን ጠየቀች። ዋናው ቬኒስ ነው ብዬ ልመልስ ስል ትዝ አለኝ፤ የቬኒሱ የቅዱስ ማርቆስ ማማ በ1902 ፈርሶ በ1912 በነበረበት ቦታ፣ በነበረው መልክ እንደገና የተሠራ ነው። ዋናው ራሱ ቅጂ ነው! «ታዲያ የቱ ነው ዋናው?» ብትለኝ፣ «የናፈቃቸው ሰዎች የሠሩት» አልኋት። ሳላስበው ነው ከአፌ የወጣው፤ እስከ ዛሬ ግን አልተጸጸትሁበትም።

ወዳጄ ሆይ፣ ክርክሬ ሁሉ እዚህ ቃል ላይ ነው ያለው። ላሊበላን አስብ። ኢየሩሳሌም ርቃ፣ መንገዱም አስፈሪ ሆኖ ሳለ፣ ቋጥኝ ፈልፍለው ጎልጎታ ብለው ሰየሙ፤ ደብረ ሲና አሉ፤ የውሃውን መውረጃ ዮርዳኖስ አሉት። ዳግማዊት ኢየሩሳሌም የምንላት ከተማ ለመሄድ ያልቻሉ ሰዎች ናፍቆት ናት። ማንም «የድንጋይ ቅጂ» ብሎ አይስቅባትም። ቬጋስን ከላሊበላ ጋር ላመሳስል አይደለም፤ አንዱ የተሠራው ለጸሎት ነው፣ ሌላው ኪስ ለማራገፍ። ግን አንድ ነገር የተሠራበት ምክንያትና ተመልካቹ የሚያገኝበት ነገር ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ነጋዴ የሠራው ማማ ሥር የቆመች የስምንት ዓመት ልጅ ልትናፍቅ ትችላለች። ናፍቆት ደግሞ ደረሰኝ አይጠይቅም።

ደግሞ እነዚህ ቅጂዎች ራሳቸው እያለፉ ነው። በ1989 የተከፈተው ሚራዥ፣ ፊት ለፊቱ በየማታው እሳት የሚተፋው እሳተ ገሞራ የነበረው፣ በሐምሌ 2024 ተዘግቷል። ጋሼ ሲያልፍ በእጁ ጠቁሞ «እዚህ ጋ እሳት ነበር» አለን፤ እኔ ስለ ዓባይ እንደተናገርሁት ቃል በቃል። ቅጂም ይናፈቃል ማለት ነው።

ስለ ፓሪስ ብዙ አልልም፤ ማታ በመብራት ያምራል፣ ወንድ ልጄም ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር። የቤላጂዮን ፏፏቴ ከመንገዱ ማዶ ቆመን አየን። እርሱ የማንም ቅጂ አይመስለኝም።

ከዚያ ጋሼ ለእራት ከሆቴሎቹ ጎዳና ወጣ ካለ የአበሻ ምግብ ቤት ወሰደን። መሶብ አለ፤ ግድግዳው ላይ የቤተ ጊዮርጊስ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ በረከቦቱ ሥር ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ልጄ ጎንበስ ብላ ቄጠማውን ዳሰሰችው። ጣቷ የእኔ ጣት ነው። «አባዬ፣ ይኼ ፕላስቲክ ነው» አለች። ከዚያም ዙሪያውን ቃኝታ፣ «ይኼም እንደ ሆቴሎቹ ነው?» አለች።

ቀኑን ሙሉ የተዘጋጀሁበት ጥያቄ ነበር፤ ግን መልስ አጣሁ። ቡና የምትቆላው ሴትዮ ሰምታ ሳቀች፤ «ቡናው ግን የእውነት ነው፣ የኔ እመቤት» አለቻትና ጭሱን በእጇ ወደ እርሷ መራችላት። ልጄ ጭሱን ሳበች፤ አልረካችም። «እውነተኛው ቄጠማ ምን ምን ይሸታል?» አለችኝ። ገጣሚ ነኝ ባይ አባቷ አሰብሁ፤ «ሣር» ልል ነበር፣ ሣር አይደለም። «ወንዝ» ልል ነበር፣ እርሱም አልሆነም።

ባለቤቴ ስልኩን አወጣች። አዲስ አበባ ነግቷል፤ ክረምት ነው። እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ስክሪኑ ላይ መጣች። ጥያቄው ሲነገራት መጀመሪያ አልገባትም፣ ሁለተኛ ሲነገራት ሳቀች፤ ከዚያ ጥቂት ዝም አለችና ፊቷን ወደ መስኮቷ መለሰች።

«ዝናብ ዝናብ ይላል፣ በላት» አለችኝ።

ልጄ «እሺ» ብላ፣ ፕላስቲኩን እንደገና አንሥታ አሸተተችው።