የሻምፒዮን ራኬት ለጀማሪ ልጅ አይሆንም

ልጁ ጠረጴዛ ቴኒስ ጀምሮ ራኬት ሊገዛለት ሲታሰብ ሁሉም ሰው የሚሰጠው ምክር አንድ ዓይነት ነው፤ «ከገዛህ አይቀር ጥሩውን ግዛ!» ጥሩ የሚባለው ደግሞ ውዱ፣ ካርቦን ያለበት፣ ሻምፒዮን ይዞት በቴሌቪዥን የታየው ነው። ከውጭ አገር ለእረፍት የሚመጣ አጎት በሻንጣው የሚያመጣው ይኸንኑ ነው፤ በጀት ያገኘ ክለብም የሚያዘው ይኸንኑ ነው። ምክሩ ስህተት ነው። ገንዘቡ መባከኑ አንድ ነገር ሆኖ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ የልጁ ጨዋታ መበላሸቱ ነው።

የራኬት ነገር የእንጨቱና በላዩ የሚለጠፈው ጎማ ነገር ነው። በዓለም አቀፉ የጠረጴዛ ቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከእንጨቱ ውፍረት ቢያንስ 85 በመቶው የተፈጥሮ እንጨት መሆን አለበት፤ በመካከሉ ግን ስስ የካርቦን ንጣፍ ማስገባት ይፈቀዳል። ካርቦኑ እንጨቱን ያጠነክረዋል፤ ኳሷ ራኬቱ ላይ የምታርፍበት ቅጽበት ያጥራል። በዚያ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ያለው ዘመናዊ ጎማ ሲለጠፍበት ኳሷ ገና ስትነካ ትፈናጠራለች። ለዓመታት የሠለጠነ ተጫዋች ይህን ኃይል ይገዛዋል። የአሥር ዓመት ልጅ ግን ኳሷ በየምቱ ከጠረጴዛው እያለፈች ስትወድቅበት የሚታየው መላ ክንዱን መሰብሰብ ብቻ ነው። መምታቱን ይተውና መግፋት ይጀምራል። የዘመኑ ጨዋታ መሠረት የሆነው ቶፕ ስፒን፣ ማለትም ኳሷን ከታች ወደ ላይ ጠርጎ ማሽከርከር፣ ሙሉ የክንድ እንቅስቃሴ ይፈልጋል። ልጁ ይህን ሳይለምድ ይቀራል። ቆይቶ አሰልጣኙ «ክንድህን ልቀቀው!» እያለ ቢጮህበት ምን ይጠቅማል? ፍርሃቱን ያስተማረው ራኬቱ ነው።

በሌላው ጫፍ ያለው ጥፋትም አይናቅም። ጎማው ልሙጥ የሆነ ርካሽ ራኬት ኳሷን ስለማይዛት ሽክርክሪት አይሰጣትም። በእሱ የጀመረ ልጅ ስፒን የሚባለውን ነገር ሳያውቀው በጥፊ መምታት ብቻ ይለምዳል።

ሻጩ ማሸጊያው ላይ ያሉትን ኮከቦች እየቆጠረ «ባለ አምስት ኮከብ ነው» ሊላችሁ ይችላል። ለራኬት ኮከብ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ አካል የለም። ኮከቡን የሚያትመው አምራቹ ራሱ ነው፤ ስለዚህ የአንዱ ፋብሪካ አምስት ኮከብ ከሌላው ሦስት ኮከብ ጋር የሚመዘንበት ሚዛን የለም። «ፍጥነት 95፣ ስፒን 90» የሚሉት ቁጥሮችም እንዲሁ ናቸው። ፌዴሬሽኑ የሚያጸድቀው ጎማውን ነው፤ የጸደቀ ጎማ ከእጀታው በላይ ባለው ጠርዝ የፌዴሬሽኑ ምልክት ይታተምበታል። እሱን መፈለግ ይሻላል።

ራኬት ለሰው ያሸንፍለታል የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት የታሪክ ማስረጃ አላቸው፤ በአግባቡ መመለስ አለበት። በ1952 እ.ኤ.አ. ቦምቤይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ጃፓናዊው ሂሮጂ ሳቶ ወፍራም ስፖንጅ የለበሰ ራኬት ይዞ ቀረበ። የምቱ ድምፅ እንኳ ስለማይሰማ ተጋጣሚዎቹ ግራ ተጋቡ፤ ዋንጫውን ወሰደ። እውነት ነው፣ ያን ዓመት ራኬቱ ሠርቷል። ነገር ግን ሌሎቹ ስፖንጁን ሲለምዱት የሳቶ ብልጫ አበቃ። በ1954 እና በ1956 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው የአገሩ ልጅ ኢቺሮ ኦጊሙራ ነው፤ የሚታወቀውም በማይታክት ልምምዱ ነው።

የቅርቡን ደግሞ እንይ። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ የቻይናው ዋንግ ቹቺን በድብልቅ ጥንድ ወርቅ ባገኘበት ቀን ፎቶ አንሺ ራኬቱን ረግጦ ሰበረበት። በማግስቱ፣ በወቅቱ የዓለም 1ኛ የነበረው ዋንግ በምትክ ራኬት ተጫውቶ በስዊድናዊው ትሩልስ ሞሬጎርድ ተሸነፈ። ዓለም ሁሉ የራኬቱን ስብራት ሲያወራ ዋንግ ራሱ ግን ሽንፈቱን በምትኩ ራኬት አላሳበበም። ሞሬጎርድ የያዘው ባለ ስድስት ማዕዘን ራኬትም መነጋገሪያ ሆነ። ግን በዚያው ራኬት በፍጻሜው በቻይናዊው ፋን ዠንዶንግ ተሸነፈ። ቅርጹ ምን አደረገለት?

ራኬት ለተጫዋቹ ሲመረጥ ምን እንደሚመስል ማየት የሚሻ ቻይናዊቷን ተጫዋች ዴንግ ያፒንግን ይመልከት። ቁመቷ 1 ሜትር ከ50 ነበር። በባክሃንድ፣ ማለትም በእጇ ጀርባ በኩል፣ ረጃጅም ጉጦች ወደ ውጭ የወጡበት ጎማ ትጠቀም ነበር። ኳሷ ከዚያ ጎማ ስትመለስ ባሕርይዋ ስለሚለወጥ ተጋጣሚዋ ትደናገራለች፤ ዴንግም ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ በፎርሃንድ፣ ማለትም በመዳፏ በኩል፣ ታጠቃለች። አራት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። ያን ጎማ ገዝቶ ለሌላ ልጅ መለጠፍ ግን ከንቱ ድካም ነው፤ የተመረጠው ለዴንግ ሰውነትና ለዴንግ አጨዋወት ነውና።

እኛ አገር ደግሞ አቧራ አለ። ደጅ በተዘረጋ ጠረጴዛ ላይ፣ በፀሐይና በአቧራ መካከል፣ ውዱ ጎማ የመያዝ ኃይሉን ቶሎ ያጣል። ከዚያ በኋላ በእጃችሁ የሚቀረው በውድ የተገዛ ልሙጥ ራኬት ነው።

ስለዚህ ለጀማሪ ካርቦን የሌለበት፣ አምስት ንጣፍ እንጨት ያለው፣ «ኦልራውንድ» የሚባለውን ግዙ። ስፖንጁ ከ1.5 እስከ 1.8 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጎማው ኳስ የሚይዝ ይሁን፤ እጀታው በልጁ መዳፍ ውስጥ ይግባ፤ ክብደቱም አንጓውን አይጎትተው። ከጨዋታ በኋላ ጎማውን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉለትና ሸፍናችሁ አስቀምጡ። ክለቦችና ትምህርት ቤቶችም አስቡበት፤ በአንድ የሻምፒዮን ራኬት ዋጋ ቢያንስ ሦስት ልጆች እንዲህ ያለ ራኬት ይዘው ልምምድ መጀመር ይችላሉ።