እንደምን ሰነበትህ?



ደብዳቤ ስንጽፍ ሁላችንም አንድ ልማድ አለን። «ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ» ብለን ከጀመርን በኋላ ወደ ጉዳያችን እንገባለን። ይህች ሰላምታ ከመለመዷ የተነሣ ጸሐፊው ሳያስብባት ይጽፋታል፤ ተቀባዩም ሳያስተውላት ያልፋታል። ዛሬ ላጫውትህ የፈለግሁት ግን ይህች ጥያቄ ራሷ ዋና ጉዳይ ስለ ሆነችባቸው ደብዳቤዎች ነው።

ነገሩ የተፈጸመው በአሜሪካ አገር፥ በኮሎራዶ፥ በዴንቨር ከተማ ነው። ዴንቨር ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ያህል ከፍ ያለች፥ አየሯ ደረቅ፥ ፀሐይዋም ብዙ የሆነ ከተማ ናት። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋሲ በ1882 ዓ.ም. ቢያገኝም (ዓመቶቹን የምጽፍልህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) መድኃኒቱ ገና አልተገኘም ነበር። ሐኪሞች የሚያዝዙት ዕረፍትን፥ ንጹሕ አየርን፥ ወተትና እንቁላልን ነበር። ስለዚህ ሳንባው የታመመ ሁሉ ወደ ዴንቨር ይጎርፍ ጀመር። ገንዘብ ያለው ማረፊያ ይከራያል፤ የሌለው ግን በየመንገዱ ይወድቃል።

ለእነዚህ ድኾች መጠጊያ እንዲሠራላቸው ከደከሙት ሰዎች አንዷ ፍራንሲስ ጄኮብስ የተባሉ አይሁዳዊት ነበሩ። እርሳቸው በ1892 ካረፉ በኋላ በ1899 ናሽናል ጁዊሽ ሆስፒታል ተከፈተ። ሆስፒታሉ ከበሽተኛ ገንዘብ አይቀበልም ነበር፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ዘመን የሚያስገባው በሽታው ያልጠናበትንና የመዳን ተስፋ ያለውን ነው። የጠናበትስ ወዴት ይሂድ?

ይህን ጥያቄ የመለሱት ከምሥራቅ አውሮፓ የተሰደዱ አይሁድ ናቸው። በ1904 «የአይሁድ የሳንባ ሕሙማን መርጃ ማኅበር» አቋቁመው፥ ከከተማው ወጣ ባለ ሜዳ ላይ ድንኳን ተክለው በሽተኛ መቀበል ጀመሩ። በሽታው የጀመረውንም፥ ሞት አፋፍ የደረሰውንም፥ ሁሉንም በነጻ ያስገቡ ነበር። ምግቡ በሃይማኖታቸው ሕግ የተዘጋጀ፥ ቋንቋውም ይዲሽ ነበርና ስደተኛው ባዕድነት አይሰማውም። የማኅበሩ ጸሐፊ ከሩሲያ የተሰደዱት ሐኪም ዶክተር ቻርልስ ስፒቫክ ነበሩ፤ እስከ ሞቱበት እስከ 1927 ድረስም በዚሁ ሥራ ቆዩ።

እንግዲህ አስብ፤ ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ በኒው ዮርክ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ልብስ በመስፋትና በመሳሰለው የጉልበት ሥራ የሚተዳደሩ ነበሩ። ባል ታሞ ወደ ዴንቨር ሲሄድ ሚስት ከልጆቿ ጋር ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትቀራለች። ሄዳ እንዳትጠይቀው የባቡር ዋጋ ከየት ይመጣል? የእንጀራ ነገርስ? ስለዚህ ያላት መንገድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለባሏም ትጽፋለች፤ ለሳናቶሪየሙ ጽሕፈት ቤትም ትጽፋለች።

ለሁለት የምትጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በሽተኛ ለዘመዱ እውነቱን አይጽፍምና ነው። ደም እየተፋ «ክብደቴ ጨመረ» ይላል፤ በዚያ ዘመን የክብደት መጨመር የመዳን ምልክት ሆኖ ይታይ ነበርና ከዚህ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ቤተ ሰቡም በበኩሉ የቤት ኪራይ አቅቶት «ሁሉም ደኅና ነው፤ አንተ ብቻ ዳን» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ሁለቱም ወገን ለፍቅር ሲሉ እየተዋሹ፥ እውነቱን የሚያውቀው ጽሕፈት ቤቱ ብቻ ይሆናል።

የሚያስፈራም ሕግ ነበር። በ1907 የወጣው የአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የሳንባ ነቀርሳ ያለበትን ሰው ወደ አገሩ እንዳይገባ ይከለክል ነበር፤ ከገባ በኋላ በሦስት ዓመት ውስጥ የመንግሥት ሸክም ሆኖ የተገኘም ይባረር ነበር። ስለዚህ አንድ ስደተኛ በሽታውን መሰወሩ ከኀፍረት ብቻ የመጣ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የመጨረሻው ደብዳቤ ነው። አንባቢ ሆይ፥ በእኛ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ። ማልደው ይሄዳሉ፤ ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ ይሰበሰባል፤ የሚደግፍ ክንድ ሳይዘጋጅ ቃሉ አይወጣም። የሳናቶሪየም ጸሐፊ ግን ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ማድረግ አለበት። ፖስተኛው ደጅ ሲያንኳኳ ሴቲቱ ብቻዋን ትሁን፥ ሕፃን ታቅፋ ትሁን አያውቅም። ከዚያም በኋላ ደብዳቤው አያበቃም። አይሁድ የሟችን ቀን በየዓመቱ በራሳቸው አቆጣጠር ያስባሉና ቤተ ሰቡ ትክክለኛውን ቀን ማወቅ ያስፈልገዋል። መቃብሩ የት ነው? ልብሱስ? ሲሞት ማን አጠገቡ ነበር? ማኅበሩ ጎልደን ሂል የሚባል የመቃብር ቦታ ነበረው፤ ዘመድ ያልደረሰላቸው ብዙዎች በዚያ ኮረብታ ዐርፈዋል።

ሁሉም ግን በኀዘን አልተፈጸመም። ድነው ወደ ቤታቸው የተመለሱም ብዙ ናቸው። በ1943 ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት ተገኘ፤ በ1952 ደግሞ አይሶናያዚድ ተጨመረ። ማኅበሩም በ1954 ስሙን ለውጦ ወደ ነቀርሳ፥ ማለት ወደ ካንሰር ሕክምና ዞረ። የበሽተኞቹ መዝገብ ዛሬ በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ተጠብቆ ይገኛል። አያቱ የት እንደ ወደቀ ሳያውቅ ያደገ የልጅ ልጅ፥ በዚያ ፋይል ውስጥ አያቱ ስንት እንደ መዘነና ማን ስለ እርሱ እንደ ጠየቀ ሊያገኝ ይችላል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ይህ ነው። መድኃኒት ባልነበረበት ዘመን ሐኪሞቹ በሽታውን ለማሸነፍ የነበራቸው ኀይል ጥቂት ነበር። ደብዳቤ መመለስ ግን በእጃቸው ነበር። ለጠየቀ ሰው «ባልሽ እንዲህ ነው» ብሎ መመለስ ሳንባ አይፈውስም፤ ነገር ግን ሌሊቱን ሙሉ ዐይኗ ሳይከደን የሚነጋባትን ሴት ያሳርፋል። ክፉ ወሬ እንኳ ቢሆን፥ ከዝምታ ይሻላል። በዝምታ ውስጥ ሰው በየቀኑ ይሞታልና።

ዛሬ ሐኪም ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የኔ በሽተኛ እንዴት አደረ?» የሚል ዘመድ አታጣም። በስልክ የሚጠይቅም አለ። አንተ ሐኪም፥ ነርስ ወይም ዘበኛ ብትሆን፥ ሥራ በዝቶብህ «ቆይ፥ በኋላ» ለማለት ትቸኩል ይሆናል። የሳንባ ነቀርሳ ራሱ ዛሬም በዓለም ላይ በየዓመቱ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ይገድላልና ጠያቂው ገና አላለቀም። የምታውቀውን ያህል ንገረው፤ የማታውቀውን ከሚያውቀው ጋር አገናኘው። ለአንተ የተለመደች ሰላምታ የምትመስል ጥያቄ፥ ለእርሱ የዕለቱ ጉዳይ ሁሉ ናት።