ከበሮውም ይጾማል

የስምንት ዓመቷ የልጅ ልጄ የዐቢይ ጾም የመጀመሪያው እሑድ ዕለት ከሰንበት ትምህርት ቤት አኩርፋ ተመለሰች። ነጠላዋን ሶፋው ላይ ወርውራ «ሁለተኛ አልሄድም!» አለች። ምን ሆነሽ ብላት፣ «ከበሮውን አስቀመጡት። የጥምቀቱን መዝሙር ልጀምር ስል ዝም በይ ተባልኩ» አለችኝ። እናቷ ከወጥ ቤት ሆና «ተያት እማዬ፣ ካልፈለገች ትቅር» አለች።

ይቺ «ትቅር» የምትል ቃል ከነከነችኝ። እናቷም በእሷ ዕድሜ እንዲሁ ነው የቀረችው። በጾም እያጨበጨበች ስትዘምር ተቆጧት፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልነገራትም። እኔም «አርፈሽ ተቀመጪ» ከማለት በቀር የመለስኩላት አልነበረም። ዛሬ ልጇን ታደርሳለች እንጂ ከበሩ አታልፍም።

ስለዚህ ልጅቷን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ዘግይቼም ቢሆን የተማርኩትን ነገርኳት። በቤተ ክርስቲያናችን ዜማ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያሉት 40 ቀናት ወርኃ ጽጌ ናቸው፤ የእመቤታችንና የልጇ ስደት እየታሰበ በአበባ ምሳሌ ይዘመራል። በልደትና በጥምቀት ከበሮና ጸናጽሉ ይደምቃሉ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሁለቱም ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው በጾመ ድጓው ዜማ ይዘምማሉ።

«ታዲያ ከበሮውም ይጾማል?» አለችኝ።

«ይጾማል። እንደ አንቺ ፋሲካን ይጠብቃል።»

ሳቀች። እኔም ቀጠልኩ።

ለልጆች መዝሙር ስንመርጥ መጀመሪያ ወቅቱን እንይ። የጾሙ እሑዶች እያንዳንዳቸው ስምና ታሪክ አላቸው። በአራተኛው እሑድ፣ በመጻጉዕ፣ 38 ዓመት የታመመው ሰው ይነሣል፤ በስድስተኛው፣ በገብር ኄር፣ የታመነው አገልጋይ ይመሰገናል። ታሪኩን ቅዳሜ ማታ የሰማ ልጅ እሑድ መዝሙሩን ከልቡ ይዘምረዋል።

ቀጥሎ ትርጉሙን እንይ። የግእዝ መዝሙር ከሆነ ከዜማው በፊት ቃሉ አንድ በአንድ ይፈታለት። ሳይገባው የሸመደደው ከበዓሉ ማግስት ይጠፋዋል።

ድምፁንም አንርሳ። አንገቱ ሥር እስኪወጠር የሚጮህ ልጅ ዜማው ከፍ ብሎበታል፤ ዝቅ አድርጎ መጀመር ነው። ለትንንሾቹ አጭርና ተቀባዩ የሚደጋገም መዝሙር ይበቃቸዋል።

የቤታችንም ነገር አለ። ልጁ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጸጥ ያለውን የጾም መዝሙር ተምሮ ሲመጣ፣ እኛ በስልካችን የጥምቀቱን ከነከበሮው ከከፈትን፣ የተማረውን መልሰን አፈረስንበት ማለት ነው።

የልጅ ልጄ በሳምንቱ እሑድ ሳትጎተት ሄደች። ስትመለስ እናቷን «ከበሮው እኮ እየጾመ ነው፤ አንቺ አታውቂም?» አለቻት። እናቷ ዝም አለች። ማታ ዕቃ ስናጥብ ግን ወደ እኔ ዞራ «ያኔ ለእኔ ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ።

«እኔም አላውቅም ነበር፤ ጠይቄ ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አልኳት።

ወላጆችና አያቶች፣ ልጃችሁ «ለምን?» ሲል መልሱን ባታውቁት አያሳፍርም። መሪጌታውን ወይም የሰንበት ትምህርት ቤቱን መምህር ጠይቃችሁ ንገሩት። «ዝም በል» ብቻ ተብሎ የተመለሰ ልጅ ግን፣ ፋሲካ ደርሶ ከበሮው ሲመታም ላይመለስ ይችላል።