አርጩሜና ፊደል

«ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚለው አባባል በየትምህርት ቤቱ እንደ ሕግ ሲጠቀስ እንሰማለን። ሕጉ ግን ሌላ ነው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36፣ ማናቸውም ሕፃን በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ይደነግጋል። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት አልፏል፤ አርጩሜው፣ ኩርኩሙና ማንበርከኩ ግን ከየክፍሉ ገና ጨርሶ አልወጣም።

እኛ ነገሩን የምናነሣው ስለ ርኅራኄ ብቻ ብለን አይደለም፤ ስለ ትምህርቱም ነው። ዱላ የሚጠብቅ ልጅ ዓይኑ ከሰሌዳው ላይ ቢሆን እንኳ ልቡ ከመምህሩ እጅ ላይ ነው። ለመደመርና ለመቀነስ የሚያስፈልገውን ሐሳብ ፍርሃቱ አስቀድሞ ይወስድበታል። ከሁሉ የከፋው ግን ዝምታው ነው። ቢሳሳት የሚመታ ልጅ አይጠይቅም፤ ያልገባውን ገብቶኛል ይላል፤ መምህሩም ጸጥታውን እንደ ዕውቀት ቆጥሮ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ደስ ብሎት የሚማር ልጅ ይሳሳታል፣ ይስቃል፣ እንደገና ይሞክራል።

ደስታ ስንል ክፍሉ ገበያ ይሁን ማለታችን አይደለም። (አንድ መምህር ስድሳ ልጆች ፊት ብቻውን ሲቆም ምን ያህል እንደሚቸገር እናውቃለን።) የተራበ ልጅስ ደስታን ከወዴት ያመጣል? በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለልጆች የሚቀርበው ቁርስና ምሳ ስለዚህ ከትምህርቱ የተለየ ጉዳይ አይደለም።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ ጠመኔ እንይዛለን። እንግዲህ የመምህራን ማሠልጠኛዎች ስድሳ ልጆችን ያለ ዱላ እንዴት መያዝ እንደሚቻል በተግባር ያስተምሩን፤ ርእሰ መምህራንም አርጩሜውን ከቢሮአቸው ጥግ ያንሡልን።